ስሙኒ ስንት ነው? ስለ ሳንቲም ስሞችና ስለ ነጋዴው መዝገብ

ነጋዴ የሚተዳደረው በሚዛንና በቁጥር ነው፤ ነገር ግን ከሚዛኑም ከቁጥሩም አስቀድሞ የሚመጣው ቃል ነው። ገዢና ሻጭ ገበያ መካከል ተገናኝተው ሲዋዋሉ በመጀመሪያ የሚለዋወጡት ገንዘቡን ሳይሆን የገንዘቡን ስም ነው። ስሙን ሁለቱም አንድ አድርገው ከተረዱት ንግዱ ይሰምራል፤ አንዱ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ከተረዱት ግን የሚዛኑ ትክክለኛ መሆን ብቻውን ከክርክር አያድናቸውም። ስለዚህ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ፣ ይኸውም በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ ከአባቶቻችን ስንሰማቸው ስለ ኖርናቸው የሳንቲም ስሞች፣ ይልቁንም ስለ «ስሙኒ»፣ ምንጩ ከየት እንደ ሆነ፣ ምን ትርጉም እንዳለውና ነጋዴው በምን ረገድ ሊጠነቀቅ እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ስሙኒ ማለት 25 ሳንቲም፣ ማለትም የብር አራተኛ ክፍል መሆኑን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። የቀድሞ ባለሱቆች ሒሳባቸውን የሚያሰሉት ባብዛኛው በዚሁ ነበር። «ሦስት ስሙኒ» ቢሉ 75 ሳንቲም ነው፤ «ብር ከስሙኒ» ቢሉ 1 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። እዚህ ላይ «ከ» የምትለው ፊደል የምትጨምር እንጂ የምትቀንስ አለመሆኗን ሒሳብ መዝገብ የሚይዙ ወጣቶች ልብ ሊሉት ይገባል፤ በእኛ አገር አነጋገር «ብር ተስሙኒ» የሚልም አለ፤ ትርጉሙ ያው ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። «ስሙኒ» የሚለው ቃል ሥሩ የዐረብኛው «ስምንተኛ ክፍል» ነው። ታዲያ አራተኛ ክፍል የሆነው ሳንቲም ስለምን በስምንተኛ ስም ተጠራ? መልሱን ለማግኘት የገንዘባችንን ታሪክ ባጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ከተማ ያስመቷቸው፣ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈባቸው የብር ገንዘቦች የየራሳቸው ስም ነበራቸው። ሙሉው «ብር»፣ ግማሹ «አላድ»፣ አራተኛው «ሩብ»፣ ስምንተኛው «ተሙን» ይባል ነበር። ሩብና ተሙን ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። እንግዲህ «ተሙን» እና «ስሙኒ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ የመጡበት መንገድ ግን ይለያያል። «ተሙን» በቀይ ባሕር ንግድ በኩል የገባ ሲሆን፣ «ስሙኒ» የምሥራቅ አፍሪካን መንገድ ይዞ የመጣ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች የሽልንግን ግማሽ በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር።

ጣሊያን ከአገራችን ከተባረረ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ዓመታት የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በኢትዮጵያ ይሠራበት ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ሲውል አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። በዚህ ስሌት አንድ ሽልንግ 50 ሳንቲም፣ የሽልንግ ግማሽ የሆነው ስሙኒም 25 ሳንቲም ሆነ። ሕዝቡም ገንዘቡ ሲለወጥ ስሙን አልለወጠም፤ የለመደውን ስም ከአዲሱ ሳንቲም ላይ ለጠፈው። ስምንተኛ የሚለው ስም የአራተኛው መጠሪያ ሆኖ የቀረበት ምክንያት ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። አሜሪካኖች የራሳቸውን ዶላር ከማስመታታቸው በፊት በስምንት ይከፈል በነበረው በእስፓኝ ዶላር ይገበያዩ ነበርና፣ የዶላርን አራተኛ ክፍል፣ የእነርሱን ስሙኒ፣ «ሁለት ቢት»፣ ማለትም «ሁለት ስምንተኛ» ብለው መጥራታቸው የእስፓኙ ዶላር ከገበያ ከወጣ ከብዙ ዘመን በኋላም አልቀረም። የሰው ምላስ ከመንግሥት አዋጅ ይልቅ ዘግይቶ እንደሚለወጥ ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ሽልንግ እንመለስ። በእኛ ዘንድ «ሽልንግ» ማለት 50 ሳንቲም ነው፤ ይህም ከላይ በተገለጸው ምክንያት የቀረ ስም ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ግን ሽልንግ የአገሩ ዋና ገንዘብ ስም ነው፤ ሦስቱም አገሮች በ1950ዎቹ መጨረሻ የየራሳቸውን ሽልንግ አውጥተው የቀድሞውን የጋራ ገንዘብ ተክተዋል። ስለዚህ በሞያሌ በኩል ከኬንያ ጋር የሚነግድ ሰው «ይህን ያህል ሽልንግ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው የኬንያ ገንዘብ መሆኑን ተረድቶ የዕለቱን ምንዛሪ ይጠይቅ እንጂ፣ በልጅነቱ ከሱቅ በለመደው ሒሳብ ለሁለት ከፍሎ ወደ ብር አይለውጠው። ቃሉ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ግን ሌላ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ብር» በሚለው ቃል ላይ ነው። ብር በመጀመሪያ የማዕድን ስም ነው። አገራችን ለረጅም ዘመን የተገበያየችው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ በተቀረጸበት፣ እኛ «ጠገራ» በምንለው የብር ገንዘብ ነበር። ጠገራው 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም የሚበልጠው ንጹሕ ብር ነው። ተቀባዩም ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ማያያዣ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምር ነበር። ለጠገራው ዝርዝር ሆኖ የሚያገለግለው ከአፋር ምድረ በዳ የሚመጣው አሞሌ ጨው ሲሆን፣ የአሞሌው ብዛት እንደ መንገዱ ርቀት ይለያይ ነበር። ጨው ከሚቆረጥበት አጠገብ አንድ ጠገራ ብዙ አሞሌ ይመነዝራል፤ እየራቁ በሄዱ ቁጥር ግን የአሞሌው ቁጥር ያንሳል። ይህ የሆነው የጭነቱ ዋጋ ከጨው ላይ ስለሚታሰብ ነው፤ የዛሬ አስመጪም ከወደብ የተነሣውን ዕቃ ዋጋ የሚያወጣው በዚሁ ሕግ ነው።

ስለዚህ ከ1928 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ የብድር፣ የጥሎሽ ወይም የኑዛዜ ወረቀት በአንድ ቤት ቢገኝና «40 ብር» ቢል፣ በኖት አርባ ብር ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። አርባ ጠገራ ቢመዘን ከአንድ ኪሎ ይበልጣል፤ በውስጡ ያለውም ንጹሕ ብር ከ930 ግራም በላይ ነው። ይህን የምንጽፈው የድሮ ዕዳ ይቀስቀስ ለማለት አይደለም። ነገር ግን በደጋው አገር ከአያቶቿ የወረሰችውን ጠገራ ከማተቧ ፈትታ ወደ ሱቅ ይዛ የምትመጣ እናት ብትኖር፣ ባለሱቁ «ይህ እኮ አንድ ብር ነው» ብሎ በስሙ እንዳያታልላት፣ እርሷም በስሙ እንዳትታለል ማስገንዘብ ተገቢ ስለሆነ ነው። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ዋጋው አንድ አይሆንም።

በጠገራው ላይ የተጻፈውም ዓመት ዕድሜውን አይናገርም። ንግሥቲቱ የሞተችበት የአውሮፓውያን 1780 ዓመት ሳይለወጥ፣ ያው ገንዘብ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ በልዩ ልዩ ጊዜ ተመትቷል። የእኛም የ1937ቱ ሳንቲሞች እንዲሁ ናቸው። 1936 የሚለው በግእዝ ቁጥር የተጻፈ ዓመት ሳይለወጥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። ስለዚህ አሮጌ ሳንቲም እንገዛለን የሚሉ ሰዎች ዓመቱን ብቻ አይተው ዋጋ እንዳይቆርጡ ማሳሰብ ይገባል።

ቀጥሎ «ሳንቲም» የሚለውን ራሱን እንመርምር። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ፍችው መቶኛ ማለት ነው። ከእርሱ በፊት በ1923 ዓ.ም. በወጡት ገንዘቦች ላይ የብር መቶኛ ክፍል በአገራችን ቋንቋ «መቶኛ» ተብሎ ነበር። ዛሬ ግን «ሳንቲም» በነጋዴው አፍ አራት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ የብር መቶኛ ክፍል ነው፤ ይህ የባንክና የመዝገብ ትርጉም ነው። ሁለተኛው፣ ከብረት የተሠራ ገንዘብ ሁሉ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣውን፣ ሚዛን የተቀረጸበትን የ1 ብር ገንዘብ «የብር ሳንቲም» እንደምንለው ማለት ነው። ሦስተኛው፣ በጠቅላላው ገንዘብ ማለት ነው፤ «ሳንቲም ይዘሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ብረት መጠየቁ አይደለም። አራተኛው ደግሞ ከገንዘብ ጋር ግንኙነት የሌለው ነው፤ ልብስ ሰፊውና ግንበኛው «ሦስት ሳንቲም ጨምር» ሲሉ ሳንቲሜትርን አሳጥረው መጥራታቸው ነው። ጨርቅና የቤት ክዳን የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን አራተኛውን ከመጀመሪያው ጋር እንዳያምታታ፣ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ መለኪያውን አሟልቶ ቢጽፈው መልካም ነው።

ከገበያ ወጥተው በአነጋገር ብቻ የቀሩ ሳንቲሞችም አሉ። «ቤሳ» የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመዳብ ገንዘብ ሲሆን የብር 32ኛ ክፍል ነበር፤ ስሙ የሕንዶች «ፓይሳ» ነው። ዛሬ ቤሳን በእጁ የያዘ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ቢሆንም «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የማይል የለም፤ «ቤስቲን» የሚለው ቃሉን ለማድመቅ የተጨመረ እንጂ የሌላ ገንዘብ ስም አይደለም። «መሐለቅ» በሐረር አሚሮች ዘመን ይመታ የነበረ ትንሽ ገንዘብ ስም ሲሆን፣ በኋላ ለብረት ገንዘብ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። «ድንቡሎ» ደግሞ የመጨረሻው ትንሽ ሳንቲም ነው፤ «ድንቡሎ አልሰጥም» ያለ ገዢ ዋጋ ለመከራከር እንኳ ፈቃድ የለውም ማለት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሳንቲም ላይ በአንድ ወገን ዘውድ የጫነ አንበሳ፣ በሌላው የንጉሡ ራስ ስለ ነበረ፣ ዕጣ ለመጣል ሳንቲም ሲወረወር «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ይባል ነበር፤ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ በወጡት ሳንቲሞች ላይ ዘውድ የለም፤ አባባሉ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ስሙኒም የራሱ ተረት አለው፤ ለነጋዴ ከዚህ የሚሻል ምክር አይገኝም። «የስሙኒ ዶሮ የብር ገመድ ይዛ ጠፋች» ይባላል። ዶሮዋ በ25 ሳንቲም ተገዛች፤ የታሰረችበት ገመድ ግን አንድ ብር ያወጣ ነበር፤ ስትጠፋ ባለቤቷ ያዘነው ለዶሮዋ ሳይሆን ለገመዱ ነው። ለጥቂት ኪሎ ማር አዲስ በርሜል የሚገዛ፣ ለ500 ብር ዕዳ ሦስት ጊዜ በመኪና ደሴ ተመላልሶ የሚከስስ፣ ለርካሽ ዕቃ ውድ መጋዘን የሚከራይ ሁሉ የብር ገመዱን ለስሙኒ ዶሮ የሚሰጥ ሰው ነው። እንግሊዞችም ለትንሿ ሳንቲማቸው ለፔኒ ብልህ፣ ለትልቁ ለፓውንድ ሞኝ ስለሚሆን ሰው የሚናገሩት ተረት አላቸው። ይህችው ፔኒ እስከ 1963 ዓ.ም. ድረስ 240ው አንድ ፓውንድ ይሞላ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ 100ው ሆኗል። አሜሪካኖችም የዶላራቸውን መቶኛ ክፍል በአነጋገር ፔኒ ይሉታል፤ አንዷን ለመሥራት ወደ 3.7 ሳንቲም ያህል ወጪ ስለሚጠይቅ፣ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. ለገበያ መምታቱን አቁመዋል። ይህ የስሙኒ ዶሮ ተረት በአንድ ታላቅ መንግሥት ላይ ሲፈጸም የታየበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ታዲያ ስሙኒ ዛሬ ምን ሊገዛ ነው? ስለ እርሱ ይህን ያህል መጻፍስ ለምን?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወንድና ሴት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው የሚታዩበት የ1969ኙ 25 ሳንቲም ቢወድቅ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው ልጅ አይገኝም። ነገር ግን ስሙኒ ከኪስ ጠፋ እንጂ ከሒሳብ አልጠፋም። በአንድ ኪሎ ስንዴ ላይ የስሙኒ ልዩነት ቢኖር በኩንታሉ ላይ 25 ብር ነው፤ 400 ኩንታል በጫነ መኪና ላይ 10,000 ብር ይሆናል። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴም 10,000 ዶላር ሲገዛ በምንዛሪው ላይ የስሙኒ ልዩነት ቢኖር 2,500 ብር ነው፤ የአንዲት ሳንቲም ልዩነት እንኳ 100 ብር ናት። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባንኮች የሚያወጡት ዋጋ ከባንክ ባንክ የሚለያይ በመሆኑ፣ ከነጥብ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ሳያነብ የሚፈርም ነጋዴ ስሙኒ ናት ብሎ የናቃት ገንዘብ የወር የቤት ኪራዩን ይዛበት ትሄዳለች።

ለባለሱቅም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። በቋንቋችን ለገዢ የሚመለሰው ትርፍ ገንዘብ «መልስ» ይባላል፤ ለጥያቄ የሚሰጠውም «መልስ» ነው። ገዢው የሰጠው ገንዘብ እንደ ጥያቄ ነውና ባለሱቁ ተገቢውን መልስ ሊሰጠው ይገባል። «ዝርዝር የለኝም» ብሎ በመልሱ ፈንታ ማስቲካ ወይም ከረሜላ መስጠት፣ ገዢው ያልጠየቀውን ዕቃ በግድ መሸጥ ነው። ዛሬ ለአንድ ሰው አንድ ብር ናት፤ በቀን መቶ ገዢ ለሚገባበት ሱቅ ግን የመቶ ሰው ቅሬታ ናት። ጨው «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ተብሏል። ዝርዝሩን አስቀድሞ ከባንክ አምጥቶ በመሳቢያው የሚያኖር ባለሱቅ ጨውነቱን የጠበቀ ነው።

እንግዲህ ከላይ የተገለጸውን ሁሉ በተግባር ለማዋል የሚከተለውን ማስታወስ ይበቃል።

አንደኛ፣ በቃል ስንነጋገር ስሙኒ፣ ሽልንግ፣ አላድ ማለት ያባት ወግ ነውና ነውር የለበትም፤ በውል፣ በደረሰኝና በመዝገብ ላይ ግን ብሩና ሳንቲሙ በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከውጭ አገር ነጋዴ ጋር በሚደረግ መጻጻፍ የገንዘቡ ስም ብቻ አይበቃምና የአገሩ ስም አብሮ ይጻፍ፤ «ሽልንግ» ሳይሆን «የኬንያ ሽልንግ»፣ «ዶላር» ሳይሆን «የአሜሪካ ዶላር» ይባል። የእኛም ብር እስከ 1969 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ስለ ነበር፣ የቆዩ ፋይሎችን የሚመረምር ጸሐፊ ዶላር የሚለውን ሁሉ የአሜሪካ አድርጎ እንዳይቆጥር ይጠንቀቅ። ሦስተኛ፣ አሮጌ ወረቀት ሲገኝ ከቁጥሩ አስቀድሞ ዘመኑ ይታይ፤ ገንዘቡ ምን እንደ ነበረ የሚነግረን ዘመኑ ነውና። አራተኛ፣ የአንዱን ኪሎ ዋጋ ስንስማማ በልባችን በጠቅላላው ጭነት እናባዛው፤ ያን ጊዜ ትንሿ ትልቅ ሆና ትታየናለች።

የገንዘብ ስም እንደ ከረጢት ነው፤ በየዘመኑ የሚጨመርበት ይለያያል። ስሙኒ ስምንተኛ ተብሎ ተወለደ፣ አራተኛ ሆኖ ኖረ፣ ዛሬ በተረትና በምንዛሪ ነጥብ ውስጥ ይገኛል። ብልህ ነጋዴ የከረጢቱን ስም ሰምቶ አይከፍልም፤ ፈትቶ ይቆጥራል።